ስሙ ያለበት ጎን

ጅቡቲ ፊት ለፊት መልህቅ ጥለን የወደብ ተራ እየጠበቅን ነበር። ወሩ ሐምሌ ነው። ካምሲን የሚሉት ነፋስ ከምዕራብ፣ ከበረሃው በኩል ይመጣል። አክንባሎ ሲነሳ ፊት ላይ እንደሚመታው ወላፈን ነው፤ ልዩነቱ ይሄኛው ቀኑን ሙሉ የሚከድነው የለም።

እኔ የመርከቡ ኢቲኦ ነኝ። በአጭሩ ኤሌክትሪሺያን በሉኝ። ከሳተላይት ስልክ እስከ ወጥ ቤት ምድጃ፣ ሽቦ ያለው ነገር ሁሉ ሲበላሽ የሚጠራው እኔ ነኝ። አብሮኝ አንድ ካዴት፣ ሥራ ተለማማጅ፣ ነበር። እሱም እንደኔ ከባሕር ዳር ማሪታይም የወጣ፣ የጎጃም ልጅ ነው። በአምስት ዓመት ብበልጠው ነው፤ እሱ ግን «ጋሼ» ይለኛል። መጀመሪያ ተቆጣሁ፣ ኋላ ለመድኩት።

ኤክስ ባንድ የሚባለው ራዳራችን የአንቴናው ማርሽ ሳጥን አልቆለት ነበር። ትልልቅ መርከቦች ሁለት ራዳር ይይዛሉ። አንደኛው በ3 ጊጋኸርትዝ ይሠራል፣ በዝናብ ጊዜ የሚታመነው እሱ ነው። ሌላው ኤክስ ባንድ በ9 ጊጋኸርትዝ ይሠራል፤ ትንንሽ ነገር አጥርቶ ያሳያል። በሕይወት ማዳኛ ጀልባ ላይ ያለው የራዳር ምላሽ ሰጪ መሣሪያም የሚመልሰው ለዚህኛው ነው። ስለዚህ «ሌላው ይበቃናል» ተብሎ የሚታለፍ ዕቃ አይደለም። አዲሱ አንቴና ሙሉው በካርቶን ታሽጎ መጣልን።

ከፍታ እፈራለሁ። ደብቄው አላውቅም። ራዳሮቹ ያሉበት ረጅም ምሰሶ፣ ማስቱ ጫፍ ላይ ሲቆም ባሕሩ ከ30 ሜትር በላይ ወደታች ነው፣ መርከቡም ቀስ እያለ ይወዛወዛል። ስለዚህ የፈቃዱን ወረቀት እንደ ዳዊት ደገምኩት። የሁለቱንም ራዳር ብሬከር አጥፍቼ ቆለፍኩ፣ ቁልፉን ኪሴ ከተትኩ። አንቴናው ሰው አጠገቡ እያለ መዞር ከጀመረ ጠራርጎ ነው የሚጥለው። የመርከቡን ጥሩምባ አየር አዘጋሁ። ይሄን ብዙ ሰው ይረሳዋል፤ ማስቱ ላይ እያሉ ያ ነገር ቢነፋ፣ በድንጋጤ ባይወድቁ እንኳ ጆሮ አይተርፍም። ቀበቶ፣ የመሣሪያ ማሰሪያ ገመድ፣ ሬዲዮ፣ ሁሉም ተሟላ።

አንቴናውን የገጣጠምነው መርከቡ ከሚመራበት ክፍል፣ ከብሪጁ ጣሪያ ላይ ነው። እዚያ ምቹ ነው። ሸራ ወጥረን ጥላ ሠርተናል፣ ሻይም መጥቶልናል። የሚዞረው ክንፍ 2 ሜትር ከ40 ይሆናል፤ ነጭ ነው፣ ፊቱም ጀርባውም ለዓይን አንድ ነው። በአራት ብሎን ሳጥኑ አናት ላይ ካለው መያዣ ጋር ይታሰራል። ሞገዱ የሚያልፍበትን ቀዳዳ የሚሸፍነውን የፕላስቲክ ክዳን አነሳሁ፤ እሱን ረስተው የሚያስሩ ስላሉ በራሴ ኮራሁ። የጎማ ቀለበቱን ቅባት ቀባሁ፣ ሮንዴላዎቹን ደረደርኩ።

ካዴቱ የመግጠሚያውን መጽሐፍ ጭኑ ላይ ይዟል። ነፋሱ ገጹን ያገላብጥበታል።

«ጋሼ፣ ፊቱ በየት ነው?» አለኝ።

ክንፉ ላይ የአምራቹ ስም በትልልቁ ተጽፏል። «ስሙ ያለበት ነዋ!» አልኩት። መኪና ስሙ ጀርባው ላይም እንደሚጻፍ ያን ጊዜ ትዝ አላለኝም።

ልጁ መጽሐፉን ከደነ። ምን ያድርግ፣ ጋሼ ተናግሯል።

ከዚያ በኋላ ያለውን አላስረዝመውም። የመርከበኞቹ አለቃ ቦሱኑ አንቴናውን ወደ ማስቱ ለማንሳት ፓራንኮ ሰቀለ። ገመዱን ሳጥኑ ላይ አሰርን፤ ክንፉ ላይ ከታሰረ ይጣመማል። ከሥር የጎማ ምንጣፍ አደረግን፣ አሉሚኒየምና ብረት በጨው ውሃ ሲነካኩ ይበላላሉና። የሳጥኑን ምልክት በትክክል ወደ መርከቡ አፍንጫ አዞርኩ፣ ሁለቴ አየሁት። ዳዶዎቹን አጠበቅሁ፣ በሲሊኮን ሸፈንኳቸው። ጉልበቴ እየተንቀጠቀጠ ወረድኩ። አንድ ዳዶ እንኳ አልወደቀብኝም።

ብሪጅ ገብተን አበራነው። ምስሉ እንደ መስታወት ጠራ። የካፒቴኑ ምክትል፣ ቺፍ ኦፊሰሩ፣ ጨበጠኝ። ካፒቴኑ ሕንዳዊ ነው፣ ብዙ አያወራም። የሻይ ኩባያውን ይዞ ስክሪኑን አየ። በመስኮት ወጣ ብሎ አየ። ተመልሶ ስክሪኑን አየ።

«ከተማዋ በየት በኩል ናት?» አለኝ።

በመስኮት አየሁ። ነፋሱ ከምዕራብ ስለሆነ አፍንጫችን ወደ ምዕራብ ነው፤ ጅቡቲ በግራችን ተዘርግታለች። ስክሪኑ ላይ ግን ከተማዋ በቀኝ ናት፣ ባሕሩ መሐል። አንጀቴ ቁርጥ አለ።

ነገሩ ቀላል ነው። ሞገዱ የሚወጣው በክንፉ አንድ ጎን ብቻ ነው። ሳጥኑ «አሁን ወደፊት እያየሁ ነው» ሲል፣ ተገልብጦ የታሰረው ክንፍ የሚያየው ወደ ኋላ ነው። በደቂቃ 24 ጊዜ እየዞረ፣ እያንዳንዷን ነገር አጥርቶ፣ ግን 180 ዲግሪ አዙሮ ያሳያል። ምስሉ ደብዝዞ ቢሆን ኖሮ እንጠረጥረው ነበር።

ቺፍ ኦፊሰሩ መፍትሔ ነበረው። ሜኑ ውስጥ የአቅጣጫ ማስተካከያ አለ። «180 ጻፍበትና ሻይህን ጠጣ» አለኝ። እውነቱን ልናገር፣ ልጽፈው ነበር። ጣቴ ቁልፉ ላይ ነበር። ያን መሰላል ደግሜ ከምወጣ ምን ባደርግ እመርጣለሁ።

ካፒቴኑ ኩባያውን አስቀመጠ። «አንድ ቀን ቦርዱ ተቃጥሎ ይቀየራል፤ ያ ቁጥር ወደ ዜሮ ይመለሳል» አለ። «ያን ሌሊት ጭጋግ ቢሆንስ? እዚህ የሚቆመው ሰው ከፊቱ የሚመጣበትን መርከብ ከኋላው ያገኘዋል። አንተ ደግሞ ያኔ ቤትህ ነህ።» ይህን ብሎ ወጣ። አልጮኸም። ቢጮህ ይሻለኝ ነበር።

በማግስቱ ጎህ ሳይቀድ፣ ነፋሱ ሳይበረታ እንደገና ወጣን። እንደገና ፈቃድ፣ እንደገና ቁልፍ ኪስ ውስጥ፣ እንደገና ጥሩምባ። ክንፉን እዚያው ማስቱ ላይ ፈትቶ ማዞር መሬት ላይ 10 ደቂቃ የሚፈጅ ሥራ ነው፤ እዚያ ግን ሰዓት ተኩል ፈጀብን። ካዴቱ ስለ ትናንቱ አንዲት ቃል አልተነፈሰም። መጽሐፉን ብቻ፣ ገጹን በሶፍት ምልክት አድርጎ፣ ከመውጣታችን በፊት እጄ ላይ አስቀመጠልኝ። ሥዕሉ ላይ ቀስቱ ቁልጭ ብሎ ይታያል፤ ስሙ ከኋላ ነው።

ስንጨርስ ከኪሱ ማርከር አወጣ። «ጋሼ፣ ይፈቀዳል?» አለ። አንገቴን ነቀነቅኩ።

ኮንትራቴ አልቆ አገሬ ከገባሁ በኋላ የተካኝ ፊሊፒናዊ ኢሜይል ላከልኝ። ስለ ባትሪዎቹና ስለ ክሬኑ ጥቂት ነገር ጠየቀኝ። መጨረሻ ላይ ፎቶ አያይዟል። የአንቴናው ክንፍ ነው። ከአምራቹ ስም ሥር፣ ፀሐይና ጨው ትንሽ ባደበዘዘው ጥቁር ቀለም «ጀርባ» ይላል። ይሄ የሞዴሉ ቁጥር ነው ወይ ብሎ ነው የጠየቀኝ።