ፈረሶቿ ወደ እሷ ተመለሱ፦ ስለ ጄኒፈር ኦኒል የሚሰጥ ምስክርነት

ክብር ሁሉ ለእግዚአብሔር ይሁን። የምመሰክረው ስለ ራሴ አይደለም፤ እግዚአብሔር በአንዲት ተዋናይትና ሞዴል ሕይወት ስላደረገው ነው። ጄኒፈር ኦኒልን በ1971 በወጣው «ሰመር ኦፍ ፎርቲ ቱ» ፊልም የሚያስታውሷት ብዙ ናቸው (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። የእሷን ዓይነት ሕይወት «ዝነኛ ነበረች፣ ጌታን አገኘች፣ አረፈች» ብሎ መጨረስ ይቀላል። እንዲያ ሲባል ግን እግዚአብሔር በእያንዳንዱ ቦታ ምን እንዳሳለፋት ሳይነገር ይቀራል። ስለዚህ ዝርዝሩን ልናገር።

ጄኒፈር በየካቲት 20 ቀን 1948 ሪዮ ዴ ጄኔሮ ተወለደች፤ ያደገችው አሜሪካ ነው። ልጅነቷ በፈረስና በውሻዋ የተሞላ ነበር። 14 ዓመት ሲሆናት ቤተሰቡ ወደ ኒው ዮርክ ከተማ እንዲዛወር ተወሰነ፤ ፈረሱና ውሻው ግን ወደዚያ የሚሄዱ አልነበሩም። በ1962 በፋሲካ ዕለት ሕይወቷን ልታጠፋ ሞከረች። ትልቅ ሰው «ለእንስሳ ብላ?» ሊል ይችላል። ሁለቱ እንስሶች ለእሷ መላው ዓለሟ ነበሩ፤ የ14 ዓመት ልጅ ደግሞ ሐዘን እንደሚያልፍ የምታውቅበት ዕድሜ ገና የላትም። በዚያ ቀን አልሞተችም። እኔ የመጀመሪያውን ማዳን የምቆጥረው ከዚህ ነው። በጊዜው ማን እንዳተረፋት አላወቀችም።

በዚያው ጊዜ የፎርድ ሞዴል ወኪል ድርጅት አስፈረማት፤ ገና ሳታድግ ፊቷ በትልልቅ መጽሔቶች ሽፋን ላይ ወጣ። በሠራችው ገንዘብ ምን ገዛች? ፈረስ። ይህን ቦታ ባነበብኩት ቁጥር ልቤ ይነካል፤ ልጅቷ የተወሰደባትን መልሳ ልትገዛ ነበር። ከዚያ በአንድ የዝላይ ውድድር ላይ ፈረሱ ግንቡ ፊት ሲደርስ አልዘልም ብሎ ቆመ። በፈረስ ዝላይ ከትልልቆቹ አደጋዎች አንዱ ይህ ነው። ፈረስ ሊዘል ሲቃረብ ጋላቢው ከኮርቻው ብድግ ብሎ ክብደቱን ወደ ፊት ያደርጋል። ፈረሱ በመጨረሻው እርምጃ እግሩን ሲተክል የጋላቢው አካል በነበረበት ፍጥነት ይቀጥላል፤ አስቀድሞ የሚወረወረው ጭንቅላቱ ነው። ጄኒፈር አንገቷንና ጀርባዋን ሦስት ቦታ ላይ ተሰበረች። የሰው አንገት 7 አጥንቶች አሉት፤ በውስጣቸው የሚወርደው ነርቭ ከላይኛው ክፍል ቢጎዳ እጅና እግር ብቻ ሳይሆን መተንፈስም ይቆማል። እንዲህ የወደቀን ሰው ደግፎ ማስነሣት ወይም ጭንቅላቱን ማቃናት ክልክል የሆነውም ለዚህ ነው፤ ስብራቱ ያልቆረጠውን ነርቭ የረዳቱ እጅ ሊቆርጠው ይችላል። ማገገሚያዋ ረጅም ነበር፤ ግን በእግሯ ቆመች። ሁለተኛው ማዳን ይህ ነው።

ስለ ሥራዋ ብዙ አልቆይም፣ ግን በቀላሉ የሚታለፍ አይደለም። በ1970 ከዝነኛው ተዋናይ ከጆን ዌይን ጋር «ሪዮ ሎቦ» በተባለ ፊልም ላይ ተወነች፤ ዳይሬክተሩ ሃዋርድ ሆክስ ከዚያ በኋላ ሌላ ፊልም አልሠራም። «ሰመር ኦፍ ፎርቲ ቱ» ላይ ለመግባት ግን ወኪሏ መታገል ነበረበት፤ ዳይሬክተሩ ሮበርት ሙሊጋን ለገጸ ባሕርይዋ ይፈልግ የነበረው ከ30 ዓመት በላይ የሆኑ ተዋናይቶችን ነበር፣ እሷ ደግሞ 22 ዓመቷ ነው። በ1976 ጣሊያናዊው ዳይሬክተር ሉኪኖ ቪስኮንቲ በመጨረሻው ፊልሙ ጣሊያን ውስጥ አሠራት። ከሁሉ በላይ የቆየው ግን ከከቨርገርል የመዋቢያ ምርት ጋር የነበራት ሥራ ነው፤ ለ30 ዓመት ያህል የምርቱ ፊት ሆናለች። የአንድ ምርት ፊት መሆን ምን እንደሚጠይቅ ሙያውን የሚያውቅ ያውቀዋል። ቆዳ፣ ፀጉርና ክብደት የግል ጉዳይ መሆናቸው ይቀራል፤ ያለቀሰ ዓይን ለካሜራ አይሆንም። ስለዚህ ሐዘን ከቀረጻ በፊት ይሸፈናል፤ ሲደጋገም ደግሞ መሸፈኑ ልማድ ይሆናል። ሴቲቱ በውስጧ ስትሰበር ፖስተሩ ላይ መሳቋን ትቀጥላለች።

በጥቅምት 1982 ኒው ዮርክ ግዛት ቤድፎርድ በሚገኘው ቤቷ ውስጥ .38 ሪቮልቨር የተባለ ሽጉጥ ጥይት እንዳለው ስታረጋግጥ ባረቀባት፤ ጥይቱ ሆዷን መታ። ፖሊስ መርምሮ አደጋ መሆኑን ደመደመ። እዚህ ላይ ትንሽ ልዘግይ፤ በየቤቱ መሣሪያ ያለው ሰው ይህን ማወቅ አለበትና። ሪቮልቨር ጥይቶቹን የሚይዘው በሚሽከረከር ከበሮ ጎሬዎች ውስጥ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ አምስት ወይም ስድስት ናቸው። ቃታው ሲሳብ ከበሮው በቅድሚያ ዞሮ ቀጣዩን ጎሬ ከአፈሙዙ ጋር ያገጥማል፤ የሚመታውም ያ ነው። ስለዚህ አሁን ከአፈሙዙ ትይዩ ያለው ጎሬ ባዶ መሆኑ ማረጋገጫ አይሆንም፤ ጥይቱ አጠገቡ ባለው ውስጥ ሊኖር ይችላል። ትክክለኛው መንገድ ጣትን ከቃታ አውጥቶ፣ አፈሙዙን ሰው ወደሌለበት አዙሮ፣ ከበሮውን ከፍቶ እያንዳንዱን ጎሬ በዓይን ማየት ነው። ሆድ ደግሞ ለጥይት ክፉ ቦታ ነው። ትልቁ የደም ቧንቧ ከጀርባ አጥንት ፊት ለፊት ይወርዳል፤ እሱ ከተቀደደ ሰው በደቂቃዎች ውስጥ ያልቃል። ጄኒፈር ተረፈች። ሦስተኛው ማዳን።

ከሁለት ዓመት በኋላ በሥራ ቦታዋ ሌላ መሣሪያ ተኮሰ። በ1984 «ከቨር አፕ» በተባለ የቴሌቪዥን ተከታታይ ድራማ ላይ የፎቶ አንሺ ገጸ ባሕርይ ሆና ትተውን ነበር። አብሯት የሚተውነው የ26 ዓመቱ ጆን ኤሪክ ሄክሰም በቀረጻ መሐል ለቀልድ ብሎ የፊልም ሽጉጥ ግንባሩ ጎን ላይ አስደግፎ ተኮሰ። የፊልም ጥይት እርሳስ የለውም፤ ባሩድና ባሩዱን የሚደፍን ውታፍ ግን አለው። ከሩቅ ድምፅና ጭስ ብቻ ነው። ከቆዳ ጋር ሲነካካ ግን ጋዙና ውታፉ የሚበተኑበት ቦታ ስለሌላቸው ኃይላቸው ሁሉ አንድ ነጥብ ላይ ያርፋል፤ የራስ ቅሉን አጥንት ሰብሮ ወደ አንጎሉ ገፋው። ከቀናት በኋላ ሞተ። እሷ እርሳስ ያለው ጥይት ሆዷን መትቷት በሕይወት ነበረች፣ እሱ እርሳስ በሌለው ሞተ። ለምን እንዲህ ሆነ ብሎ ለሚጠይቅ መልስ የለኝም፤ የዳነው ከሞተው የተሻለ ነው ብሎ የሚመሰክር ግን እግዚአብሔርን አያከብርም።

በ1986፣ በ38 ዓመቷ፣ ጄኒፈር ሕይወቷን ለኢየሱስ ክርስቶስ ሰጠች። ሃሌ ሉያ! አሁን ብዙ ምስክርነቶች የሚያቆሙበት ቦታ ደርሰናል፤ እኔ ግን እዚህ ላላቆም ነው። ጄኒፈር በሕይወቷ 9 ጊዜ አግብታለች፣ ከአንዱ ሰው ጋር ሁለት ጊዜ፤ ከ1986 በኋላም የፈረሱ ትዳሮች አሉ። ወጣት ሳለች ያደረገችው ውርጃ ለዓመታት የጫነባትን ሐዘን ቆይታ በአደባባይ ተናገረች፤ ተመሳሳይ ሐዘን የተሸከሙ ሴቶች ዝምታቸውን እንዲሰብሩም ቆመች። ጌታን መቀበል በአንድ ጸሎት ይሆናል፤ ከ14 ዓመት ዕድሜ ጀምሮ የተጣመመ ልብ መቃናት ግን ጊዜ ይፈልጋል። «ጌታን ከተቀበለች ለምን ትዳሯ ፈረሰ?» የሚሉ አሉ። አንገቱ የተሰበረ ሰው አጥንቱ ከገጠመ በኋላም መራመድን እንደገና ይማራል፤ ሲማርም ይወድቃል። እሷ ውድቀቷን አልደበቀችም፤ በ1999 ባወጣችው የሕይወት ታሪኳ ጻፈችው። ለ30 ዓመት ሙያዋ መሸፈን ለነበረ ሴት ይህ ራሱ የጸሎት መልስ ነው ብዬ አምናለሁ።

ነቢዩ ኢዩኤል ጌታ አንበጣ የበላቸውን ዓመታት እንደሚመልስ ተናግሯል። ለጄኒፈር የተመለሰላት ፈረስ ነው። ቴነሲ፣ ናሽቪል ውስጥ በሂለንግሌድ እርሻ ከጦርነት ለተመለሱ ወታደሮችና ለቤተሰቦቻቸው በፈረስ አማካይነት የሚሠራ አገልግሎት መሠረተች። ይህ ሥራ መጋለብ ማስተማር ብቻ አይደለም። ፈረስ 500 ኪሎ ያህል ቢመዝንም በተፈጥሮው የሚታደን እንስሳ ነው፤ የሰውን ጡንቻ መወጠርና የትንፋሽ ማጠር ቶሎ ይለያል። ፊቱን አስተካክሎ የሚሄድ ሰው ሌላውን ሰው ሊያታልል ይችላል፣ ፈረስን ግን አያታልልም። ሰውየው የሚቀርበው በፈረሱ ግራ ትከሻ በኩል ነው፤ ቀጥታ ከፊት ወይም ከኋላ ፈረስ በደንብ አያይም፣ ይደነግጣል። ፈረሱ የሚመራበት ገመድ በእጅ ላይ አይጠመጠምም፤ ፈረሱ ድንገት ቢሸሽ ጣት ይቆርጣል፣ ስለዚህ ታጥፎ ይያዛል። ከዚያ በላስቲክ መፋቂያ አንገቱንና ትከሻውን ክብ ክብ እያደረጉ ማሸት ነው፤ ፊቱና የእግሩ አጥንት ላይ ግን ለስላሳ ብሩሽ ብቻ። ልቡ በኃይል እየመታ የመጣ ወታደር መጀመሪያ ላይ ፈረሱ ይሸሸዋል፤ ጆሮውን ወደ ኋላ ያጥፋል። ገመዱን መጎተት ያባብሰዋል። የሚረዳው ቆም ብሎ ትንፋሽን ቀስ አድርጎ ማውጣት ነው፣ ደጋግሞ። ሰውየው ሲረጋጋ ፈረሱ ራሱን ዝቅ ያደርጋል፣ ከንፈሩን ይልሳል፣ ያላምጣል፤ ያን ጊዜ ወታደሩ ለመጀመሪያ ጊዜ እጁን የፈረሱ አንገት ላይ ያሳርፋል።