የታንኳ ጌሜ ስንት ያወጣል? የአራተኛ ወር ማስታወሻ

ሰላም ወገን። ባለፈው ቃል የገባሁላችሁን የዋጋ ነገር ይዤ መጥቻለሁ።

ለአዲስ ገቢዎች፦ የምሠራው ጌም ጣና ላይ በደንገል ታንኳ የሚያስቀዝፍ ነው። ከባሕር ዳር ተነስቶ ደቅ ደሴት መድረስ ነው። ተኩስ የለም። ነፋስ ይነሳል፣ ደንገሉ ውኃ እየጠጣ ይከብዳል፣ ዳር አውጥቶ ማድረቅ ያስፈልጋል። ይህን የሚወድ ሰው ጥቂት ነው። የሚወደው ግን አጥብቆ ነው የሚወደው።

መጀመሪያ ስቲም ላይ (ጌም በኢንተርኔት የሚሸጥበት ገበያ ነው) 5 ዶላር አልኩት። ማንም አያውቀኝም፣ ርካሽ ከሆነ ይገዙኛል ብዬ ነው። በሁለት ወር 11 ሰው ገንዘቡን አስመለሰ፤ 46 ቀረ። ስቲም በተገዛ በ14 ቀን ውስጥ፣ ከ2 ሰዓት በታች የተጫወተን ሰው ገንዘብ ይመልሳል። የእኔ ታንኳ ደግሞ በ2 ሰዓት ቅርብ ካለው ዘጌ እንኳ አያደርስም! ርካሽነቱ የሳበው ምን እንደሚገዛ ያላወቀውን ሰው ነበር።

ከዚያ 15 ዶላር አደረግኩት። በጣም ፈርቼ ነበር። በቀጣዩ ሁለት ወር ያስመለሱት 3 ብቻ ናቸው፤ እነሱ ሳይቆጠሩ 39 ተሸጠ። የስቲም 30 በመቶ ሲነሳ፣ ግብሩን ሳልቆጥር፣ ከመጀመሪያው 161 ዶላር፣ ከሁለተኛው 409.50 ዶላር ተረፈኝ። ያውም የመጀመሪያው ወቅት የአዲስ ጌም ግርግር ያለበት ነው።

ከፊንላንድ አንድ ገዢ ጻፈልኝ። ስለ ዋጋው አንድም ቃል የለም። የጠየቀኝ ደንገሉ በስንት ቀን እንደሚደርቅ ነው። ሐይቁ ዳር ወርጄ ታንኳ የሚሠሩ አባቶችን ጠየቅኩለት። እንዲህ ያለውን ሰው 10 ዶላር መቀነስ አያመጣውም፣ መጨመርም አያባርረውም። ድዋርፍ ፎርትረስን አስታውሱ። ከ2006 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በነፃ የኖረ ጌም ነው። በ2022 ስቲም ላይ በ29.99 ዶላር ሲወጣ፣ ነፃው እያለ፣ ወዳጆቹ ተሻምተው ገዙት።

አንድ ነገር ልብ በሉ። ስቲም ላይ ዋጋ ከጨመራችሁ በኋላ 30 ቀን ቅናሽ ማድረግ አይቻልም። እኔ ይህን ሳላውቅ ለበዓል ቅናሽ አስቤ ቀረብኝ።

ጌሙን ስቲም ላይ ለማስመዝገብ የከፈልኩት 100 ዶላር የሚመለሰው ሽያጩ 1,000 ዶላር ሲሞላ ነው። የስቲም 30 በመቶ ሳይነሳ አሁን 815 ላይ ነኝ። የቀረውን በ5 ዶላር ብሸጥ 37 ሰው ያስፈልገኝ ነበር። በ15 ዶላር ግን 13 ይቀረኛል።