የ77ቱ ስህተቴ፦ ስድስት ወር የሰፈር ታሪክ ስቆፍር

ሰላም ወገኖች። ጥር ላይ «የምከራይበትን ቤት ታሪክ ልቆፍር ነው» ስላችሁ ግማሻችሁ ሳቃችሁብኝ። ይኸው ስድስት ወር ሞላኝ። የደረስኩበትን ልንገራችሁ። ዓመተ ምህረቶቹ በፈረንጅ ናቸው፣ አንዷ ብቻ ስትቀር። እሷ ናት ጉድ የሠራችኝ፤ እደርስባታለሁ።

ለማታውቁኝ፦ ዋሽንግተን ዲሲ፣ ብሉሚንግዴል ሰፈር፣ ቤዝመንት ውስጥ ነው የምኖረው። ከላይ ባለቤቶቹ፣ ከታች እኔ። አልጋዬ አጠገብ ግድግዳው ላይ ትንሽ የብረት በር አለች። ሦስት ዓመት ሙሉ የድሮ ፖስታ ሳጥን ትመስለኝ ነበር። አንድ ቀን ቦይለር ሊጠግን የመጣ ሽማግሌ አይቷት ሳቀ። ድሮ ከመንገድ የድንጋይ ከሰል የሚገለበጥባት በር ናት። ለካ የምተኛው ከሰል ማከማቻ ውስጥ ነው። ነገሩ ሁሉ የተጀመረው ከዚያ ነው።

የሄድኩት ዲሲ ሂስትሪ ሴንተር ነው። የከተማዋ የታሪክ ማኅበር ሲሆን የተመሠረተው በ1894 ነው፤ ያኔ ስሙ ኮሎምቢያ ሂስቶሪካል ሶሳይቲ ነበር። ዛሬ ያለው ማውንት ቨርነን አደባባይ፣ በነጩ የካርኔጊ ሕንፃ ውስጥ ነው። ከታች የአፕል መደብር ስለሆነ አብዛኛው ሰው አይፎኑን አይቶ ይወጣል። ደረጃውን የሚወጣ ጥቂት ነው። እኔም በዚያ በር ስንት ጊዜ አልፌ አላውቅም ነበር። ሕንፃው በ1903 የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ሆኖ ሲከፈት ከተማዋ በዘር የተከፋፈለች ነበረች። እዚያ ግን ጥቁሩም ነጩም ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ገብቶ ያነብ ነበር። ይህን ካወቅሁ ወዲህ ደረጃውን ስወጣ ትንሽ ቀጥ እላለሁ።

ማኅበሩ ኤግዚቢሽን ያሳያል፣ የእግር ጉብኝት አለው፣ በየዓመቱ ስለ ከተማዋ ታሪክ ጉባኤ ያዘጋጃል፣ ለተማሪዎችም የታሪክ ውድድር ያካሂዳል። ለእኔ ዋናው ግን የምርምር ቤተ መጻሕፍቱ ነው። ቀጠሮ ይዛችሁ ነው የምትሄዱት። ቦርሳ ይዞ መግባት የለም፣ እስክሪብቶም የለም፤ እርሳስ ብቻ። በመጀመሪያው ቀን እስክሪብቶዬን አውጥቼ ልጽፍ ስል የቤተ መጻሕፍቱ ሠራተኛ የተመለከተችኝ አስተያየት! ፈተና ላይ ኮርጄ የተያዝኩ ነው የመሰለኝ።

አሁን ወደ ሥራው። ዲሲ ውስጥ እያንዳንዱ ቤት ከአድራሻው ሌላ የስኩዌርና የሎት ቁጥር አለው፤ ስኩዌር በመንገዶች መሃል ያለው ብሎክ፣ ሎት ደግሞ በውስጡ ያለችው ቁራሽ ቦታ ናት። አድራሻ ሊቀየር ይችላል፤ ፍለጋው የሚያዘው በስኩዌር ቁጥሩ ነው። እኔ ይህን ሳላውቅ ሁለት ሳምንት አባከንኩ። ሌላው ወጥመድ የግብር መዝገቡ ነው። የኔ ቤት እዚያ ላይ «1900 ተሠራ» ይላል። አመንኩትና ለባለቤቶቹም በኩራት ነገርኳቸው። በኋላ የግንባታ ፈቃዱ ሲገኝ 1909 ሆኖ አረፈው! ደግሞም ብቻውን አልተሠራም፤ አንድ ሰው በአንድ ፈቃድ የደረደራቸው ስድስት ቤቶች ናቸው። የከተማዋ የግንባታ ፈቃዶች ከ1877 እስከ 1949 ድረስ ያሉት ተጠብቀዋል። ስለዚህ ዝም ብላችሁ ፈቃዱን ፈልጉ።

የድሮዎቹ የንብረት ካርታዎች ደግሞ ውበታቸው! ሮዝ ቀለም ከሆነ ጡብ ነው፣ ቢጫ ከሆነ እንጨት። እኛ መስመር ዳር እስከ ዳር ሮዝ ነው።

ከዚያ ሰዎቹ። ሕዝብ ቆጠራው በየአሥር ዓመቱ ነው፣ ለሕዝብ የሚለቀቀው ግን ከ72 ዓመት በኋላ ነው። የ1950ው ገና በ2022 ነው የተከፈተው። የ1890ውን አትድከሙበት፤ አብዛኛው በ1921 በተነሳ እሳት ምክንያት ጠፍቷል። በ1940ው ላይ የኛን ቤት ሳገኝ ባልና ሚስት፣ ሁለት ልጆች፣ ከታች ደግሞ ሁለት ደባሎች ተጽፈዋል። እነዚያን ደባሎች ምን ያህል እንደወደድኳቸው! ሰማንያ ዓመት ቆይቶ እኔም ያው ደባል ነኝ።

የሽያጭ ውሎቹን ሳገላብጥ ግን ሳቄ ቆመ። ጥቁር እንዳይገዛ የሚከለክል አንቀጽ ይኖራል ብዬ ነበር፤ በኛ ቤት ውል ላይ አላገኘሁም። ከኛ ከፍ ብሎ ብራያንት ስትሪት አለ። እዚያ በ1906 ሃያ ቤቶች ላይ «ለጥቁር አይሸጥም፣ አይከራይም» የሚል አንቀጽ ገብቷል፤ የጣሰ ሁለት ሺህ ዶላር። ጀምስ ኸርድ የሚባል ሰው ቤት ገዝቶ ሲገባ ጎረቤቶቹ ከሰሱት። ሰውዬው ፍርድ ቤት ቆሞ «እኔ ጥቁር አይደለሁም፣ የሞሃውክ ሕንድ ነኝ» ብሏል፤ ከአሜሪካ ቀደምት ሕዝቦች አንዱ ማለቱ ነው። ለአንድ ቤት ሲባል! የተከራከረለት ታዋቂው ጥቁር የሲቪል መብት ጠበቃ ቻርልስ ሃሚልተን ሂዩስተን ነበር። በ1948 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ እንዲህ ያለውን ውል ፍርድ ቤቶች ሊያስፈጽሙ አይችሉም ብሎ ወሰነ። ያንን መንገድ በየቀኑ ወደ ሥራ ስሄድ እሻገረዋለሁ። የፓርኪንግ ቦታ እንደማይገኝበት ነበር የማውቀው።

ይሄ ነገር ስለ ናይንዝ ስትሪት የነበረኝን ሐሳብም ነካው። በ2005 ናይንዝና ዩ ስትሪት አካባቢ «ሊትል ኢትዮጵያ» ይባል ሲባል ከጥቁር አሜሪካውያን ነዋሪዎች ተቃውሞ ተነስቶ ነበር። እኔም ያኔ «ምቀኝነት ነው» ካሉት ወገን ነበርኩ። ሚያዝያ ላይ ዩ ስትሪትን በእግሬ ዞርኩት። ትሩ ሪፎርመር የሚባለው ሕንፃ በ1903 በጥቁር አርክቴክት ተነድፎ፣ በጥቁሮች ገንዘብ የተሠራ ነው። ሃዋርድ ቲያትር 1910፣ ሊንከን ቲያትር 1922። የጃዝ ሙዚቀኛው ዱክ ኤሊንግተን የዚህ ሰፈር ልጅ ነው። ከዚያ ማርቲን ሉተር ኪንግ ሲገደል የተነሳው የ1968ቱ ረብሻና ቃጠሎ፣ ከዚያ ለሜትሮ ባቡር ተብሎ ለዓመታት የተቆፈረ መንገድ፤ ጣቢያው የተከፈተው በ1991 ነው። የኛ ሰዎች አዳምስ ሞርጋን ሰፈር ኪራይ ሲወደድባቸው የመጡት ይህ ሁሉ ወዳለፈበት ሰፈር ነው። ያቆሙትም ቀላል አይደለም። ግን «ባዶ ነበር፣ እኛ ነን ያቀናነው» የምንለውን ነገር እኔ ትቼዋለሁ። ተናደዱብኝ ከፈለጋችሁ።

እሺ፣ የ77ቱ ነገር። ስለኛ ሰው የተጻፈ ፍለጋ ስገባ ወረቀቱ ሳሳብኝ። ስለዚህ ሰው መጠየቅ ጀመርኩ። በሰማንያዎቹ 18ኛ ጎዳና ላይ አንድ ምግብ ቤት ያስተናግዱ የነበሩ እናት አሉ። ቤታቸው ሄጄ ስልኬን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጬ «እማማ፣ ልቅዳዎት?» አልኳቸው። ፊታቸው ተለወጠ። «ምን አጠፋሁ ደግሞ?» አሉኝ። እውነታቸውን ነው፤ በስደት ወረቀት የኖረ ሰው ሲቀዳ ደስ አይለውም። ስልኩን ኪሴ ከተትኩ። ቡናው ተፈላ። ቶናው ላይ ስንደርስ ራሳቸው «ያን ነገርህን አውጣው እንጂ» አሉኝ።

አንድ የተማርኩት፦ ስለ ታሪክ አትጠይቁ። «የኢትዮጵያውያን አሰፋፈር እንዴት ነበር?» ስላቸው «ደህና ነበር» አሉና ዝም። «እንጀራው ከየት ይመጣ ነበር?» ስላቸው አርባ ደቂቃ አወሩኝ። ጤፍ የለም፣ በሰልፍ ራይዚንግ ዱቄት ይጋገራል፣ ምጣዱ በኮረንቲ፣ የጭስ ማንቂያው ይጮሃል፣ ጎረቤት ይወጣል…

መቼ እንደመጡ ስጠይቃቸው «በ77 ነው፣ በሱዳን በኩል» አሉኝ። እኔ ጅሉ 1977 ብዬ ጻፍኩ። ከዚያ ሁለት ቅዳሜ ሙሉ ቤተ መጻሕፍት ተቀምጬ የ1977 እና የ78 ስልክ ማውጫ ውስጥ ምግብ ቤቱን ፈለግሁ። የለም። በሦስተኛው ደወልኩላቸው። «ድርቁ የገባ ዓመት አልኩህ እኮ፣ ልጄ!» የ77 ድርቅ! በኛ አቆጣጠር! እዚህ አገር 1984 ወይም 85 መሆኑ ነው። ነገሩ ሁሉ ገጠመ፤ ስደተኛ የሚገባበት የአሜሪካ የስደተኞች ሕግም የወጣው በ1980 ነበር። አሁን ደብተሬ ላይ ሁለት ዓምድ አስምሬያለሁ፤ አንዱ የኛ፣ አንዱ የነሱ። «በማን አቆጣጠር?» ሳልል የትም አላልፍም።

ያን ዕለት ልወጣ ስል ከቴሌቪዥናቸው ሥር ለማስተካከያ የተደረገ ወፍራም መጽሐፍ አየሁ። የኢትዮጵያ የሎው ፔጅስ፣ የኛ ሰው ንግዶች የስልክ ማውጫ፣ የድሮ እትም። በየግሮሰሪው ባንኮኒ ላይ ተከምሮ የምናልፈው። ቆሜ ቀረሁ። ፈረንጆቹ በየዓመቱ የሚወጣ የከተማ ማውጫ ነበራቸው፤ ማን የት እንደኖረና ምን እንደሠራ እኔም ያወቅሁት ከሱ ነው። የኛ ማውጫ ይኸው ቴሌቪዥን ተሸክሞ! በምትኩ የታጠፈ ካርቶን አስገብቼላቸው መጽሐፉን ተዋስኩ።

ከዚያ ወዲህ ሌላ አንድ እትም ከፀጉር ቤት አግኝቻለሁ። ሁለቱን ጎን ለጎን ሳያቸው መጀመሪያ ዓይኔን የያዘው የስልኩ መነሻ ነው። በድሮው ላይ 202 ይበዛል፣ ዲሲ ማለት ነው። በአዲሱ 703 እና 301 ሞልቶታል፤ ሰዉ ወደ ቨርጂኒያና ሜሪላንድ ሲፈስ በቁጥሩ ይታያል። አሁን የምግብ ቤቶቹን ገጽ ብቻ እየለቀምኩ በካርታ ላይ እያስቀመጥኩ ነው። ችግሩ በመሃል ያሉት ዓመታት የሉኝም። የእማማም ቅጂ የተቆራረጠ ነው፤ ከጀርባው የትኬት ቅናሽ ኩፖን ስለነበረ በመቀስ ወስደውታል።

ቤዝመንት ወይም ጋራዥ ያላችሁ እስቲ ፈልጉልኝ። ራሴ መጥቼ እወስዳለሁ፣ ገልብጬም እመልሳለሁ። ኩፖን የተቆረጠበትም ይሁን።