«ቆሻሻ ይበላል» ተብሎ የተሸጠልኝ ዓሣ

የመጀመሪያዋን ኮሪዶራስ (የገንዳ ታች ላይ የምትኖር ትንሽ ጺማም ዓሣ ናት) የገደልኳት እኔው ነኝ። በክፋት ሳይሆን ባለማወቅ። ዓሣ የሚሸጥበት ሱቅ ገብቼ የሚያማምሩትን ከመረጥኩ በኋላ ሻጩ «እነዚህንም አንዳንድ ጨምርባቸው፣ ቆሻሻ ይበሉልሃል፣ ከዛ በኋላ ማጽዳት የሚባል ነገር የለም» አለኝ። ማጽዳት የለም ሲለኝ ጆሮዬ ቆመ። ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ለሚኖር፣ ውሃ በፈረቃ ለሚመጣለት ሰው ከዚህ የበለጠ ምን የምሥራች አለ? አንድ ኮሪዶራስና አንድ ፕሌኮ የሚባል ሌላ የታች ዓሣ በላስቲክ አንጠልጥዬ ወጣሁ።

100 ሊትር የሚይዘው ገንዳዬ ሰማያዊና ሮዝ የተቀባ ጠጠር ተነጥፎበታል። የእህቴ ልጅ ነው የመረጠው። ኮሪዶራሷ ወርዳ ጠጠሩ ላይ አረፈች፣ አፏን ትሰካለች፣ ታወጣለች፣ እንደገና ትሰካለች። እየተጫወተች መስሎኝ ነበር። በሦስተኛው ሳምንት ግን አፏ ዙሪያ ያሉት ጺሞቿ አልቀው ጉቷቸው ብቻ ቀረ፤ ከዛ አንድ ቀን ጠዋት ፊልተሩ ሥር ተጋድማ አገኘኋት። አዘንኩ። ከሁሉ የገረመኝ ሆዷ ነው፣ ወደ ውስጥ ሰርጉዷል። ያን ሁሉ «ቆሻሻ» አስቀምጬላት ርቧት ነበር ማለት ነው።

ይሄ «ቆሻሻ ይበላል» የሚባለው ነገር ከየት እንደመጣ ይገባኛል። ታች የሚኖር ዓሣ ቀኑን ሙሉ መሬት መሬቱን ሲምግና ሲፍቅ ስለሚውል የሚያጸዳ ይመስላል። ግን የሌሎቹን ካካ አይበላም። የሚበላው ምግብ ነው፤ ምግቡን ደግሞ ላይ የሚዋኙት ጉፒዎች ታች ከመድረሱ በፊት ይጨርሱታል። በዛ ላይ እሱም እንደ ማንኛውም ዓሣ ይጸዳዳል። ፕሌኮማ ራሱን የቻለ የካካ ፋብሪካ ነው። ማታ ንጹሕ አድርጌ የተውኩት ገንዳ ጠዋት ቡናማ ክር በክር ሆኖ ይጠብቀኛል።

ከዛ በኋላ ነው ቁጭ ብዬ ማንበብ የጀመርኩት (መጀመሪያ ማንበብ ነበረብኝ፣ አውቃለሁ)። የኔዋ ቁንዶ በርበሬ የተነሰነሰባት የምትመስለዋ ዓይነት ነበረች። አገሯ አርጀንቲና፣ ኡራጓይና ደቡብ ብራዚል ነው። የተፈጥሮ ተመራማሪው ዳርዊን በቢግል መርከብ ሲዞር ከሰበሰባቸው ዓሦች አንዷ ናት፤ በ1842 እ.ኤ.አ. ስም ወጣላት፣ ለረጅም ዘመንም ኮሪዶራስ ፓሌአተስ ስትባል ኖረች። በ2024 ደግሞ ሳይንቲስቶች ይህን ሰፊ ወገን ከፋፍለው ሆፕሊሶማ ፓሌአተም አሏት። እኔ ኮሪ እላታለሁ፣ አልተቀየመችም። ኮሪዶራስ የሚለው ከግሪክኛ የመጣ ሲሆን የራስ ቁርና ቆዳ ከሚሉ ቃላት የተሠራ ነው፤ እውነትም ጎኗን በሁለት ረድፍ የሸፈናት እንደ ጥሩር የተደራረበ ጠፍጣፋ አጥንት ነው።

ለእኛ ለአዲስ አበቦች ትልቁ ቁም ነገር ግን ይሄ ነው፦ ቁንዶ በርበሬዋ ኮሪ ቀዝቃዛ ውሃ ትችላለች። ብዙዎቹ የአማዞን ዓሦች 25 እና 26 ዲግሪ ይፈልጋሉ፣ ስለዚህ ሂተር ያስፈልጋል፣ ሂተር ደግሞ መብራት ይፈልጋል፣ መብራቱን እናውቀዋለን። እሷ ግን ከ18 እስከ 23 ዲግሪ ከሆነላት ደስተኛ ናት። የኔ ሳሎን በክረምት 18 እና 19 ነው የሚያሳየው። ሂተሬን ነቅዬ ለጓደኛዬ ሰጠሁት። ሌላ ዓይነት፣ ነሐስማ ኮሪ ወይም ፓንዳ ኮሪ ካማራችሁ ግን መጀመሪያ ቴርሞሜትር ግዙና ቤታችሁን አንድ ሳምንት ለኩት።

ሁለተኛው የአዲስ አበባ ጉዳይ ከፍታው ነው። ከ2,300 ሜትር በላይ ላይ ነው ያለነው። አየሩ ስለሚሳሳ፣ እዚህ ያለ ውሃ የሚይዘው ኦክሲጅን በተመሳሳይ ሙቀት ባሕር ጠረፍ ላይ ያለ ውሃ ከሚይዘው በአንድ አራተኛ ገደማ ያንሳል። ውጭ አገር የሚኖር ሰው በቪዲዮ «በዚህ መጠን ገንዳ ይህን ያህል ዓሣ ይበቃል» ሲላችሁ ቀንሱለት። እኔ ስፖንጅ ፊልተሬን ከአየር ፓምፕ ጋር ሌት ተቀን ነው የማስሮጠው።

መብራት ሲጠፋስ? ኮሪዎቹ በየተራ እንደ ጥይት ወደ ላይ ይተኮሱና አየር ጎርሰው ይመለሳሉ። መጀመሪያ ያየሁ ቀን ሊሞቱ ነው ብዬ ደንግጬ ነበር። ለካ አየሩን ውጠው በአንጀታቸው ነው ኦክሲጅኑን የሚወስዱት። አልፎ አልፎ ማድረጋቸው ተፈጥሯቸው ነው። በየደቂቃው ከሆነ ግን ውሃው ችግር አለበት ማለት ነው፣ ወይ ኦክሲጅን አጥሯል ወይ አሞኒያ (ከካካና ከበሰበሰ ምግብ የሚወጣው መርዝ) ወጥቷል። ባትሪ የሚይዝ ትንሽ ፓምፕ እስክገዛ ድረስ ዘዴዬ ኩባያ ነበር። በሻማ ብርሃን ገንዳው አጠገብ ቁጭ ብዬ ውሃ በኩባያ ቀድቼ ከፍ አድርጌ መልሼ አፈሳለሁ። እህቴ አይታኝ «ለሰው እንዲህ ብትሆን አግብተህ ነበር» አለች።

አባዬ ያደገው ባሕር ዳር ነው። ሊጠይቀኝ መጥቶ ገንዳውን አጎንብሶ ካየ በኋላ «ይሄማ የአምባዛ ልጅ ነው» አለ። ልክ ነው። ኮሪም ፕሌኮም አምባዛም የአንድ ትልቅ ወገን ዓሦች ናቸው፤ ጺማቸውን ማየት ይበቃል። አምባዛም ከስንጥቡ (ውሃ ውስጥ ከሚተነፍስበት) በላይ ሌላ የአየር መተንፈሻ ስላለው ከውሃ ወጥቶ ብዙ ይቆያል፣ አባዬ በልጅነቱ ከጣና ወጥቶ ቅርጫት ውስጥ ሲላወስ ማየቱን ነገረኝ። ቀጥሎ «ቅርፊት አለው?» ብሎ ጠየቀ። ቅርፊት የለውም ተብሎ አምባዛ በማይበላበት ቤት ስላደገ የመጀመሪያ ጥያቄው እሱ መሆኑ አይገርምም። «ልንበላው አይደለም እኮ አባዬ» አልኩት።

እዚህ ላይ ልጥቀስ፦ አንድ ሰው ጣት የሚያህል የአምባዛ ጫጩት ላምጣልህ ቢላችሁ አይሆንም በሉት። ከአንድ ሜትር በላይ የሚያድግ ዓሣ ነው፤ እስከዛ ድረስ ደግሞ ጉፒዎቻችሁን ቁርስ ያደርጋቸዋል።

የማደግ ነገር ከተነሳ ፕሌኮው አለ። ሱቅ ውስጥ አምስት ሳንቲ ሜትር ነበር። ተራው ፕሌኮ በደህና ከተያዘ 40 ሳንቲ ሜትር ያልፋል፣ ማለትም የኔ ገንዳ ውስጥ መዞር እንኳን አይችልም። ይህን ሳውቅ 20 ሳንቲ ሜትር ደርሶ ነበር፤ ግቢው ውስጥ ትልቅ ገንዳ ላለው ሰው በነፃ ሰጠሁት። ፕሌኮ ካማራችሁ አፉ ላይ ቀንድ ቀንድ የሚያወጣው ትንሹ ዓይነት አለ፣ ከ12 እስከ 15 ሳንቲ ሜትር ላይ ይቆማል። እንጨትና የተቀቀለ ዝኩኒ ስጡት። ዝኩኒውን ሹካ ላይ ሰክታችሁ ታች ብትጥሉት ሌሊቱን ልጣጩን ብቻ ያስቀረዋል።

እና እባካችሁ፣ አደገብኝ ብላችሁ ወንዝ ወይም ሐይቅ ውስጥ አትልቀቁት። ፍሎሪዳና ሜክሲኮ ውስጥ ከአኳሪየም የወጡ ፕሌኮዎች የወንዝ ዳር እየቦረቦሩ መከራ አሳይተዋል። ጣና ላይ እንቦጭ ያደረሰብን ይበቃናል። የራሳችን የታች ነዋሪዎች አሉን እኮ፤ ጋራ የሚባሉት ትንንሽ ዓሦች አገጫቸው ሥር ባለ መጣበቂያ ድንጋይ ይዘው አልጌ ይፍቃሉ፣ ጣና ውስጥ ብቻ የሚገኙም አሉ።

ወደ ኮሪ ልመለስ። ሁለተኛ ዙር ስጀምር ባለቀለሙን ጠጠር አውጥቼ የእህቴን ልጅ አስለቀስኩ። በምትኩ ደቃቅ የወንዝ አሸዋ ከሕንፃ መሣሪያ ሠፈር አንድ ፌስታል ገዛሁ። በወንፊት ነፋሁት፣ ከዛ በባልዲ እንደ ሩዝ አጠብኩት፤ ውሃው ጠላ የሚመስለው ሳይጠራ አሥራ ምናምን ጊዜ ደፋሁ። እፍኝ ወስዳችሁ መዳፋችሁ ላይ እሹት፣ የሚወጋ ከሆነ ለጺማቸውም አይሆንም። ሦስት ሳንቲ ሜትር ውፍረት ይበቃል።

ሰባት ኮሪ ገዛሁ። ብቻዋን የምትኖር ኮሪ ጥግ ይዛ ትደበቃለች፣ ከስድስት በላይ ሲሆኑ ግን ሌላ ፍጥረት ናቸው። አሸዋው ላይ የወረዱ ቀን ፊታቸውን እስከ ዓይናቸው ቀብረው አሸዋውን በአፋቸው ያስገቡና በስንጥባቸው እፍ ብለው ያወጡታል፣ በሰባት ቦታ ትንሽ ትንሽ ጭስ የሚነሳ ይመስላል። ደግሞ ይጠቅሳሉ! ዓይናቸውን ወደ ታች ገልበጥ ያደርጉታል። የእህቴ ልጅ «አጎቴ ጠቀሰችኝ!» ብሎ ሲጮህ ጠጠሩን ይቅር አለኝ።

ምግባቸውን የምሰጠው ማታ መብራት ካጠፋሁ በኋላ ነው፣ ጉፒዎቹ ሲተኙ። ወዲያው የሚሰምጠውን እንክብል፣ ለሰባቱ አራት ፍሬ። ጎረቤቴ እማማ ግን ለቡና ሲመጡ «ምስኪን፣ ከሱ አንድ ጉርሻ» እያሉ የዳቦ ፍርፋሪ ይጥላሉ። ዳቦው አሸዋው ውስጥ ገብቶ ሲበሰብስ አሞኒያ እንደሚሆን ሦስቴ አስረድቻቸዋለሁ። አሁን እሳቸው ሲመጡ ክዳኑን እዘጋለሁ።

ውሃ የምቀይረው በሳምንት ሩብ ያህሉን ነው። የቧንቧውን ውሃ ክፍት ባልዲ ውስጥ አንድ ቀን አሳድረዋለሁ፣ ክሎሪኑ እንዲወጣ። ዓሣ ማዘዋወር ካለብኝ በመረብ አልይዛቸውም፤ የጎን ክንፋቸው ላይ ያለው እሾህ መረቡ ውስጥ ይቆለፋል፣ እጅም ይወጋል። በጆግ ነው።

ባለፈው ሐምሌ ውሃ ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ መጣ፣ እንቅልፌን አቋርጬ ባልዲዎቹን ሞላሁ። በማግስቱ ማታ የውጭውን በር አጠገብ ያደረውን ውሃ ሳላሞቀው ደፋሁት፣ ከግማሽ ገንዳ በላይ። ተሳሳትኩ ብዬ ተኛሁ። ጠዋት ስነሳ መስታወቱ ላይ ሰሊጥ ከሚያህል ትንሽ ከፍ ያሉ ቢጫማ እንቁላሎች ተለጥፈዋል። ቀዝቃዛው ውሃ ዝናብ የመጣ አስመስሏቸው ኖሯል። አንዷ ሴት ገና አልጨረሰችም፤ ሆዷ ሥር ያሉትን ክንፎች እንደ እፍኝ ጥምር አድርጋ ሦስት እንቁላል ይዛ መስታወቱን እየዞረች ቦታ ትመርጣለች፣ በአፏ ትጠርገዋለች፣ ከዛ ትለጥፈዋለች። ሥራ አረፈድኩ።

ወላጆቹ እንቁላሉን ስለሚበሉት በጣቴ ጫፍ እያንከባለልኩ ነቀልኳቸው። ትኩሱ ይፈርጣል፣ ጥቂት ሰዓት ከቆየ ግን ጠንክሮ ይነሳል። 40 ገደማ ነበሩ። ሁለት ሊትር ውሃ በሚይዝ የፕላስቲክ ጣሳ ውስጥ ከገንዳው ውሃ ጋር አድርጌ የአየር ቱቦ ከተትኩበት። ነጭ የሆኑትን በየቀኑ ለቅሜ ጣልኩ፣ ሻጋታው ወደ ደህናዎቹ እንዳይሄድ። በስድስተኛው ቀን ጣሳው ታች የዓይን ሽፋሽፍት የመሰለ ነገር ተንቀሳቀሰ።

አሥራ አንዱ አደጉ። አራቱን ያ መጀመሪያ የሸጠልኝ ሱቅ ወሰድኳቸው። ሻጩ በላስቲኩ አሻግሮ አያቸውና «ጥሩ ነው፣ ቆሻሻ ይበላሉ» አለኝ።