«ሳንጋም»ን በአማርኛ ሰብታይትል ደብረ ብርሃን ላይ ማሳየት፦ ቀድሞ ቢነገረኝ ኖሮ

«ሳንጋም» የህንድ ፊልም ነው፤ ንግግሩን ተርጉሜ ከምስሉ ሥር በሚነበብ ጽሑፍ (ሰብታይትል) ነው ያሳየሁት። ርዝመቱ 238 ደቂቃ ነው። ከሁሉ በፊት ይህን ቁጥር ያዙ፤ አዳራሽ ስትጠይቁም፣ ደብዳቤ ስታስገቡም፣ ሰው ስትጠሩም የሚያስቸግራችሁ እሱ ነው። ዳይሬክተሩ ራጅ ካፑር በ1964 እ.ኤ.አ. ያወጣው ሁለት እረፍት ያለው አድርጎ ነው፤ እኔም ሁለቱንም አልነካሁም። ለእያንዳንዱ እረፍት 15 ደቂቃ ሲሰጥ አራት ሰዓት ተኩል ይሞላል። ደብዳቤዬን የተቀበለው ኃላፊ ግን «ፊልም ሁለት ሰዓት ነው» ብሎ አዳራሹን እስከ 10 ሰዓት ብቻ ፈቀደ። ያንን ለማስለወጥ ሦስት ቀን ተመላለስኩ። ለሙከራ ቁልፉን ለአንድ ሰዓት ስጡኝ ብልም እንቢ አሉ፤ ይህን ሳስበው አሁንም ያናድደኛል። ደብዳቤው ላይ የፊልሙን ርዝመት በደቂቃ ጻፉ፣ የሙከራውንም ቀን ጨምሩበት። የቃል ተስፋ ይዛችሁ አትውጡ።

እሑድ 7 ሰዓት ተኩል ጀምሩ፤ 12 ሰዓት ላይ ያልቃል፣ የደብረ ብርሃን የማታ ብርድም ሰው ላይ አይወርድም። መስኮቶቹን በድርብ ጥቁር ጨርቅ ሸፍኑ። ከተማዋ ወደ 2,800 ሜትር ከፍታ ላይ ስላለች አየሩ ቢቀዘቅዝም ስስ ነው፣ ፕሮጀክተሩ ሙቀቱን በደንብ አያስወጣም። ስለዚህ በሜኑው ውስጥ «ሃይ አልቲቲዩድ» (ከፍተኛ ቦታ) የሚለውን አብሩ። ማራገቢያው ይጮኻል፤ ድምፅ ማጉያውን ከእሱ አርቁት።

ትርጉሙ ራሱን የቻለ ሥራ ነው። ከእንግሊዝኛው ሰብታይትል ብቻ ከተረጎማችሁ «አንተ»ም «እርስዎ»ም የሚሆነው «ዩ» የሚለው ቃል ሁሉን ነገር ይደብቅባችኋል። ህንድኛው «አፕ»፣ «ቱም»፣ «ቱ» እያለ ሦስት ደረጃ አለው፣ የእኛም «እርስዎ» እና «አንተ» ልብ ይሰብራሉ። ስለዚህ ንግግሩን በጆሮ እየሰማችሁ ለዩ። የሦስቱ ዋና ገጸ ባሕርያት ስም ደግሞ ትርጉም አለው፦ ጎፓል የሂንዱዎች አምላክ ከሆነው ከክሪሽና ስሞች አንዱ ነው፣ ራዳ የክሪሽና ፍቅረኛ ናት፣ ሱንዳር ማለት «ውብ» ነው። ህንዳዊ ተመልካች ራዳ ለማን እንደምትገባ ከስሙ ብቻ ይገምታል፤ እኛ አንገምትም። ፊልሙ ሳይጀምር ይህን በሁለት መስመር ንገሩ። «ሳንጋም» የወንዞች መገናኛ ነው፤ የወንጪት ወንዝ ጀማን የሚያገኝበትን ቦታ የሚያውቅ ሰው ወዲያው ይገባዋል።

የሰብታይትል መመሪያዎች በአንድ መስመር እስከ 42 ፊደል፣ በሴኮንድ እስከ 17 ፊደል ይላሉ። ለአማርኛ አትቀበሉት። የእኛ አንድ ፊደል ተነባቢና አናባቢ አንድ ላይ የያዘ ስለሆነ ያው ቁጥር ብዙ ንባብ ይሆናል። እኔ 28 ፊደል በመስመር፣ 11 በሴኮንድ ላይ ነው የረጋሁት። ፋይሉ «ዩቲኤፍ-8» በሚባለው የጽሑፍ አቀማመጥ ይቀመጥ፣ ማጫወቻው ላይም የግዕዝ ፎንት ይኑር፤ አለበለዚያ የምታዩት ባዶ ሳጥን ብቻ ነው።

አሁን ወደ ተበላሸው ልምጣ። እያንዳንዱ የሰብታይትል መስመር የሚወጣበትን ሰዓት የለካሁት በዲቪዲ ቅጂ ላይ ነው። ዋዜማው ላይ ግን ምስሉ የጠራ ሌላ ቅጂ አገኘሁና ቀየርኩ። የዲቪዲው ርዝመት 228 ደቂቃ ተኩል፣ የአዲሱ 238 ነበር። ልዩነቱን አይቼዋለሁ። ዘፈን የተቆረጠ መስሎኝ አለፍኩት፤ ጥፋቱ የእኔ ነው፣ በማንም አላሳብብም። ዲቪዲው የተሠራው በአውሮፓው የፓል አሠራር ስለሆነ በሴኮንድ 25 ፍሬም (ነጠላ ምስል) ይሮጣል፣ ፊልሙ ደግሞ የተቀረጸው በ24 ነው። ምንም አልተቆረጠም፣ ሁሉም ነገር በጥቂቱ ፈጠነ እንጂ። በዚያ ላይ የተለካ ጽሑፍ በ24 ቅጂ ላይ ሲወጣ በየደቂቃው 2 ሴኮንድ ተኩል እየቀደመ ይሄዳል። በሰዓት ሁለት ደቂቃ ተኩል ማለት ነው።

መጀመሪያ ላይ በጥቂቱ ሲቀድም «ቪኤልሲ» በሚባለው ማጫወቻ ውስጥ «ጂ» እና «ኤች» የሚባሉትን ቁልፎች ተጭኜ አስተካከልኩ። ተስተካክሎ ይቆይና እንደገና ይሸሻል። አንድ ጊዜ መጫን 50 ሚሊሴኮንድ ብቻ ነው፤ 50 ሴኮንድ ለመመለስ አንድ ሺህ ጊዜ መጫን ይጠይቃል። በሁለተኛው እረፍት ላይ ሰዓቱን በትክክል አስገባሁ፤ ከ20 ደቂቃ በኋላ 50 ሴኮንድ ቀድሞ ነበር። ሌላ ፊልም ቢሆን ሰው ይታገሠው ይሆናል። ይህ ግን ሁለት ጓደኛሞች አንዲት ሴት ወደው አንዱ ዝም ያለበት ታሪክ ነው፤ ሱንዳር ፊርማ የሌለበት የፍቅር ደብዳቤ ይዞ ጻፊው ማን እንደሆነ ለማወቅ እየተቃጠለ ነው። ጎፓል «እኔ ነኝ» ከማለቱ በፊት አዳራሹ ሙሉ በአማርኛ አነበበው። ጎፓል ገና አፉን አልከፈተም፣ ከፊት የተቀመጡት እናቶች ግን «እሱ ነው! እሱ ነው!» ይባባሉ ነበር። የዘገየ ሰብታይትል ሰውን ያሰለቻል፤ የቀደመ ግን ፊልሙን ይገድላል።

መፍትሔው አሥር ደቂቃ አይፈጅም። «ሰብታይትል ኤዲት» የሚባለው ነጻ ፕሮግራም ውስጥ የፍሬም ፍጥነት መቀየሪያ አለ፤ ከ25 ወደ 24 ማለት ብቻ ነው። ከዚያ የፊልሙን የመጀመሪያ ንግግርና የመጨረሻውን ንግግር ክፈቱ፣ ሁለቱንም እዩ። ሁለቱም ከገጠሙ መካከል ላይ አንድ ዘፈን ጨርሶ ሲያልቅ ሦስተኛ ቦታ ፈትሹ። ልዩነቱ ቀስ እያለ የሚያድግ ከሆነ ችግሩ ፍጥነት ነው። በአንዴ ዘሎ ከዚያ እኩል የሚቀጥል ከሆነ ያኔ የተቆረጠ ነገር አለ፤ ከዚያ ቦታ በኋላ ያሉትን መስመሮች ብቻ ግፉ። አንድ ቦታ ብቻ ፈትሾ «ገጥሟል» ማለት ምንም አይጠቅምም።

ከተፈተሸ በኋላ ጽሑፉን ምስሉ ላይ አትሙት። ባለሙያዎች ለብቻው ይቀመጥ ይላሉ፤ የሰው ኮምፒውተርና የሰው አዳራሽ ላይ የምታሳዩ ከሆነ ግን ፎንትም ሰዓትም ምስሉ ላይ ታስሮ ቢሄድ ይሻላል። ለብቻው ያለውን ፋይል በፍላሽ ያዙት።

የዚያን ቀን የመጨረሻውን ክፍል ሰብታይትሉን አጥፍቼ፣ ማይክ ይዤ፣ እንደ ድሮ ቪዲዮ ቤት በአፍ ነው የተረጎምኩት። ማንበብ የሚከብዳቸው አዛውንቶች «ከመጀመሪያውስ እንዲህ ቢሆን» አሉኝ። ስለዚህ አሁን ከፍቅር ደብዳቤው ጀምሮ ሽጉጥ እስከሚወጣበት የመጨረሻ ትዕይንት ድረስ ያለውን ንግግር በ16 ቁጥር ፊደል አሳትሜ፣ ማይኩን አስሞክሬ፣ ጎኔ አስቀምጣለሁ።