ትንሿ ካሜራዬ፣ አቡነ ዮሴፍና የጤዛው ጣጣ

ሰላም የካሜራ ወዳጆች፣ ባለፈው ታኅሣሥ ከላሊበላ ተነስተን አቡነ ዮሴፍ ላይ አድረን መጣን፣ ከውርጭ አገር አንድም ፎቶ ሳይበላሽብኝ ስመለስ የመጀመሪያዬ ስለሆነ ደስ ብሎኝ ነው የምጽፈው። ካሜራዬ ኪስ የምትገባ ኮምፓክት ናት፣ የለመድኳት ደሴ እያለሁ ጦሳ ላይ በጠዋት እየወጣሁ ነው፣ ስለ ሴቲንግ ምናምን አላደክማችሁም።

ብዙ ሰው የሚያማርረው ባትሪውን ነው፣ እሱ ግን ቀላል ነው። ሊቲየም ባትሪ ሲበርደው ኃይል መስጠት ያቅተዋል እንጂ ቻርጁ የትም አልሄደም። ተራራው ከ4200 ሜትር በላይ ነው፣ ንጋት ላይ ጓሳው በውርጭ ነጭ ሆኖ ጭላዳዎቹ ከገደሉ ብቅ ብቅ ሲሉ ባትሪዬ ሎው ብሎ ዘጋ፣ አውጥቼ ብብቴ ስር ከተትኩትና ሌላውን አስገባሁ፣ ቁርስ በልተን ስመልሰው ግማሽ አሳየኝ። ዙሙ ወጥቶ እያለ ከዘጋባችሁ ግን ሌንሱን በእጅ እንዳትገፉት፣ የሞቀ ባትሪ አስገብታችሁ ከፍታችሁ አጥፉት፣ ራሱ ይገባል።

እኔን ያሰቃየኝ ጤዛው ነው። አምና ደላንታ፣ ጠዋቱን ሙሉ ብርድ ላይ ስዞር ቆይቼ አንዲት እናት "ና ግባ ልጄ፣ እሳት ሙቅ" አሉኝ። ምድጃው ይነዳል፣ ጀበናው ይንተከተካል፣ ፎቶ ላንሳዎት ብዬ ፈቀዱልኝ፣ ካሜራዋን ስከፍት ሌንሱ አላበው። በጋቢዬ ጫፍ ጠረግኩት፣ ተመልሶ አላበው፣ እንደገና ጠረግኩት፣ ጠጋ ብዬ ሳየው ጤዛው ከመስታወቱ በስተጀርባ ነው፣ ጋቢ የማይደርስበት ቦታ። ከፍሪጅ የወጣ ጠርሙስ እንደሚያልበው ማለት ነው፣ ዙሙን ባስወጣሁና ባስገባሁ ቁጥር ደግሞ ያንን እርጥብ አየር ወደ ውስጥ እየሳብኩት ነበር። የእማማ ፊት ጉም ለብሶ ቀረ፣ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

አሁን የማደርገው፣ በር ላይ ገና ሳልገባ ሚሞሪውን አወጣለሁ (ፎቶ ለማየት ካሜራውን መክፈት እንዳያምረኝ)፣ ካሜራውን ዚፕ ያለው ላስቲክ ውስጥ ከትቼ አየሩን ጨምቄ እዘጋዋለሁ። ጤዛው ላስቲኩ ላይ ከውጪ ይንጠባጠባል፣ ካሜራው ደረቅ ነው። አንድ ሁለት ሰዓት ትቼው ላስቲኩ ሲደርቅ ብቻ እከፍተዋለሁ። ከአዲስ ጫማ ካርቶን ውስጥ የምትገኘዋን እርጥበት መጣጭ ከረጢትም አብሬ እጨምራለሁ።

ካሜራውን ጃኬት ስር አሙቁት የሚሉ አሉ፣ እኔ በጭራሽ አልስማማም፣ የሰውነት ላብ አለ። ካሜራው ይብረደው፣ ባትሪው ይሙቀው። ሩዝ ውስጥ ቅበሩት የሚለውንም አትስሙ፣ እኔ ከደላንታ ስመለስ አድርጌው የሩዙ ዱቄት ዙሙ ክፍተት ገብቶ እስካሁን ሲወጣ ሲገባ የመፈጨት ድምፅ አለው።

ያልፈታሁት ጓንት ነው። በወፍራሙ ቁልፎቹ አይገኙም፣ ጣቱ የተቆረጠውን ሳደርግ አስር ደቂቃ ሳይሞላ ጣቴ ይደነዝዛል፣ ጭላዳው ደግሞ እጄን እስካሟሙቅ ቆሞ አይጠብቀኝም። ደጋ ላይ የምትሠሩ ምን እንደምታደርጉ ንገሩኝ።