ስለ ኢያሱ አትጀምር

አስጎብኚ ነኝ። አለቃችን አንድ ሕግ አለው፦ አዲስ አበባ፣ የምኒልክ መቃብር ያለበት በዓታ ቤተ ክርስቲያን ስትገቡ ስለ ልጅ ኢያሱ አትጀምሩ። እንግዳ ይጣላል፣ ፕሮግራም ይዛነፋል፣ ቲፕ ይቀራል ይላል። እሱ ራሱ እንግዳ ይዞ መቃብሮቹ ወዳሉበት ምድር ቤት ሲወርድ አይቼው አላውቅም። ሕግ ግን ያወጣል።

ያን ቀን የያዝኩት ከአሜሪካ የመጡ ልጆች ያሉበት ቤተሰብ ነበር። በጋብቻ የተዛመዱ ሁለት ሽማግሌዎችም አሉ፣ አንዱ የደሴ፣ አንዱ የአንኮበር ሰው። ወረድን። ምኒልክ መሐል፣ ጣይቱና ዘውዲቱ ግራና ቀኝ። ቶሎ ቶሎ ብዬ ላልፍ ስል የደሴው አባት አቡነ ማቴዎስ መቃብር ጋ ቆም አሉ።

«ልጄ፣ ሰዉን ከምኒልክ መሐላ የፈቱት ጳጳስ እኚህ አይደሉም?»

«ናቸው አባቴ።»

«ታዲያ ከንጉሡ ጋር ማን አስተኛቸው? ሌሊት ሌሊት ምን ይባባሉ ይሆን?»

ሳቄ አመለጠኝ። የአለቃዬም ሕግ እዚያው ፈረሰ። ልጆቹ ምን እንደሚያስቅ ስላልገባቸው መንገር ነበረብኝ። ምኒልክ የልጅ ልጃቸው ኢያሱ እንዲወርሷቸው ተናዘዙ፣ ጥቅምት 1902 በአዋጅ ተነገረ፣ ቃሉን ያፈረሰ ጥቁር ውሻ ይውለድ ተባለ። ንጉሡ በ1906 አረፉ። ኢያሱ ዘውድ ሳይጭኑ ገዙ። መስከረም 17 ቀን 1909፣ በመስቀል ዕለት፣ «ሰልመዋል» ተብሎ ከሥልጣን ሲወርዱ መኳንንቱን ያስጨነቃቸው ያ እርግማን ነበር። ጳጳሱ ፈቷቸው፣ ዘውዲቱ ነገሡ፣ ራስ ተፈሪ አልጋ ወራሽ ሆኑ።

የአንኮበሩ አባት አላስቻላቸውም። «ቃሉን መጀመሪያ ያፈረሰው ራሱ ኢያሱ ነው! ጳጳሱስ ቢሆኑ ወዲያው እሺ አሉ? አመንትተዋል እኮ!»

«አመነቱ፣ ከዚያስ? በወሩ ሰገሌ ጦርነት ላይ ያ ሁሉ ሰው አለቀ። የአያቴ ወንድም እዚያ ነው የቀሩት፣ ከኢያሱ አባት ከንጉሥ ሚካኤል ጋር ዘምተው።»

«የኔም እዚያው ነው የቀሩት። በሸዋ በኩል።»

ትንሽ በረድ ያለ መሰለኝ። ያኔ አንዷ ልጅ «ኢያሱስ የታሉ?» ብላ ስትጠይቅ እንደ አዲስ ተነሳ። ፍቼ ታሰሩ፣ ኋላ ጋራ ሙለታ፣ በ1928 ሞቱ፣ መቃብራቸው እስካሁን ያከራክራል አልኳት። ከዚያ በኋላ እኔን የሚሰማኝ የለም። ጠባቂው ድምፅ ቀንሱ ቢል ሁለቱም እሱኑ ዳኛ ሊያደርጉት ሞከሩ።

እንጦጦ ቀረ። ምሳ ላይም ክርክሩ ቀጠለ፣ የደሴው አባት «ኢያሱ እኮ ልጅ ነበሩ» ይላሉ፣ የአንኮበሩ «ልጅ ከሆነ ለምን አገር ሰጡት?» ይላሉ፣ እኔም ሥጋዬን እየቆረጥኩ ላንዱም ለሌላውም ራሴን እነቀንቃለሁ። ስንለያይ ሁለቱም ለየብቻ ጠርተው ቲፕ ሰጡኝ። አንዳቸው ለሌላኛው እንዳልነግር ጭምር።

አለቃችን ሰማ። ሕጉን አላነሳም። ግን ሽማግሌ ያለበት ቡድን ሲመጣ «አንተ ሂድ» ማለት ጀምሯል።